ኤምኤስም ሶሪያሲስም ላለበት ሰው የትኛው መድኃኒት ይሻላል?

መልቲፕል ስክሌሮሲስ (ኤምኤስ፣ የነርቭ ሽፋንን የሚያጠቃ በሽታ) እና ሶሪያሲስ (ቆዳን የሚያቀላና የሚያስቀርፍ በሽታ) አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ፣ ለአንዱ የታዘዘው መድኃኒት ሌላውን ሊቀሰቅስ ይችላል። ስለዚህ ጎንደር ላይ የነርቭ ሐኪሙና የቆዳ ሐኪሙ ለየብቻ የጻፉትን ማዘዣ ይዞ ፋርማሲ ከመግባት በፊት፣ አንዱ የሌላውን ወረቀት እንዲያይ ማድረግ ይቀድማል።

ከዝርዝሩ ቀድመው የሚወጡት አዳሊሙማብ፣ ኢታነርሴፕትና ኢንፍሊክሲማብ ናቸው። ቆዳን በደንብ ያጠራሉ፤ ግን ቲኤንኤፍን (ብግነት የሚያስነሳ የሰውነት ፕሮቲን) ስለሚያግዱ የነርቭ ሽፋን ጉዳትን ሊያስነሱ ወይም ሊያባብሱ ይችላሉ። ዘመድ ከውጭ በነጻ ቢልካቸውም ለኤምኤስ ታማሚ አይሆኑም። ኢንተርፌሮን ቤታ በተቃራኒው ለነርቭ ይረዳል፣ ሶሪያሲስን ግን አንዳንዴ ይቀሰቅሳል። ሪቱክሲማብም ለኤምኤስ ጠንካራ ነው፤ አልፎ አልፎ ቆዳ ላይ ሶሪያሲስ ያመጣል፣ ከመጀመሩ በፊትም የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ግድ ነው።

ሁለቱንም በአንድ ድንጋይ የሚመታው ዳይሜቲል ፉማሬት ነው፤ በአውሮፓ ለሶሪያሲስም ተፈቅዷል። የኤምኤስ መጠኑ ለመጀመሪያው 7 ቀን 120 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ፣ ከዚያ 240 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ነው። ይህ ማለት 14 ባለ 120 ካፕሱል፣ ቀጥሎም በየ28 ቀኑ 56 ባለ 240። የሁለተኛው ወር ሳይረጋገጥ የመጀመሪያውን መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ካፕሱሉ አይከፈትም፣ አይፈጭም። በባዶ ሆድ ሲዋጥ ፊት መቅላትና የሆድ ቁርጠት ይብሳል፤ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው የጠዋቱን መጠን በምን ሰዓት እንደሚወስድ ቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። ሊምፎሳይት (አንድ ዓይነት ነጭ የደም ሴል) ስለሚቀንስ የደም ምርመራ በየ3 ወሩ ይደረግ። ቁጥሩ በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ500 በታች ወርዶ ከ6 ወር በላይ ከቆየ መድኃኒቱ ይቆማል።

ሜቶትሬክሴት ለቆዳ ጥሩ፣ ለኤምኤስ ግን ደካማ ነው፤ በእሱ ብቻ መተማመን አይገባም። ትልቁ አደጋው አወሳሰዱ ላይ ነው። 15 ሚሊግራም ከተባለ የ2.5 ሚሊግራም 6 ፍሬ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በየቀኑ የዋጠ ሰው መቅኒው ይጎዳል፣ ሊሞትም ይችላል፤ ቀኑን («ረቡዕ» ብሎ) ማሸጊያው ላይ መጻፍ ያድናል። ፎሊክ አሲድ በሌላ ቀን ይወሰዳል። ኮትሪሞክሳዞል ከሚባለው አንቲባዮቲክ ጋር አይገናኝ፤ ጉበትንም ሊጎዳ ስለሚችል አረቄ ይቅር። ለነፍሰ ጡር ፈጽሞ ክልክል ነው።

የኤምኤስ ጥቃት ሲመጣ በደም ስር የሚሰጠው ሜቲልፕሬድኒሶሎን (1 ግራም ለ3 እስከ 5 ቀን) ቆዳውን ለጊዜው ያሳምርና ሲቆም ሶሪያሲሱ ሊፈነዳ ይችላል። የቆዳ ቅባት ከወዲሁ ይያዝ።

የጠዋት ፀሐይ ለቁስሉ ይጠቅማል፤ የጎንደር ብርድ ደግሞ ለኤምኤስ ታማሚ ከመተማ ሙቀት ይሻላል። ሙቀት ዓይን ቢያደበዝዝ ወይም እግር ቢያዝል ጥላ ገብቶ መቀዝቀዝ ነው፤ ትኩሳት ሳይኖር ከ24 ሰዓት በላይ ከቀጠለ አዲስ ጥቃት ሊሆን ስለሚችል ወደ ነርቭ ሐኪም ይኬዳል።