የካምፓሳችን የአደጋ መልእክት ፈጣን ነው፣ ግን ለሁሉም አይደርስም

ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቼዋለሁ። ሦስቱን ያገኘው በፍጥነቱ ነው። ሁለቱን የቀነስኩት መልእክቱ ጭራሽ የማይደርሳቸው ሰዎች ስላሉ ነው፤ ከነሱም ውስጥ ብዙዎቹ የኛው ሰዎች ናቸው።

የማወራው ስለምማርበት ዩኒቨርሲቲ የአደጋ ጊዜ መልእክት ነው። ቦታው ዲሲ አካባቢ ነው፣ ስሙ ይቆየን። ቀን እማራለሁ፣ ማታ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ እሠራለሁ፤ ስለዚህ አገልግሎቱን በተማሪም በሠራተኛም ዓይን አይቼዋለሁ። ነፃ አገልግሎት ምኑ ይገመገማል የሚል ካለ፣ ነፃ አይደለም፤ በየሴሚስተሩ ከምንከፍለው ላይ ነው የሚሠራው። ወጡ ቀዘቀዘ ብለን ስለ ምግብ ቤት የምንጽፍ ሰዎች ስለዚህማ ዝም ማለት የለብንም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተማሪ ሲመዘገብ የሰጠው ስልክ ቁጥር በቀጥታ ሲስተሙ ውስጥ ይገባል። አልፈልግም የሚል ራሱ ገብቶ ማስወጣት አለበት። አንድ ነገር ሲፈጠር ቴክስት ይመጣል፣ ኢሜይል ይመጣል፣ የትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተሮች ስክሪን በቀይ ጽሑፍ ይሸፈናል፣ ኮሪደር ላይ ያሉት ድምፅ ማጉያዎችም ይናገራሉ። ይህ ሁሉ መንገድ የተደራረበው ያለምክንያት አይደለም። አንዱ ባይደርስ ሌላው እንዲደርስ ነው፤ ምድር ቤት ውስጥ ኔትወርክ የለም፣ ኢሜይል ደግሞ ማታ ማንም አይከፍትም።

ፍጥነቱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ለምን ፍጥነት እንደሚያስፈልግ ለመረዳት ደግሞ ከኛ ብዙም ሳይርቅ፣ እዚሁ ቨርጂኒያ ውስጥ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። ኤፕሪል 16 ቀን 2007 ቨርጂኒያ ቴክ ውስጥ ጠዋት 7:15 አካባቢ አንድ ዶርም ውስጥ ሁለት ተማሪዎች ተተኮሰባቸው። ፖሊስ የግል ጸብ መስሎት ነበር። ለተማሪዎች የመጀመሪያው ኢሜይል የወጣው 9:26 ላይ ነው፣ ሁለት ሰዓት አልፎ። ከዚያ በኋላ ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ኖሪስ ሆል የሚባለው ሕንፃ ውስጥ ተኩስ ተከፈተ። በዚያን ቀን ገዳዩን ሳይጨምር 32 ሰው አለቀ። የክፍሎቹ በር ከውስጥ አይቆለፍም ነበር፤ ሊቪዩ ሊብሬስኩ የሚባሉ የ76 ዓመት ፕሮፌሰር በሩን በሰውነታቸው ገፍተው ይዘው ተማሪዎቻቸው በመስኮት እየዘለሉ እንዲያመልጡ አደረጉ፣ እሳቸው እዚያው ሞቱ። ከሆሎኮስት የተረፉ ሰው ነበሩ። ይህን ታሪክ በሰማሁ ቁጥር የማስበው ስለዚያ ኢሜይል ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ሕጉ የጠበቀው። የክሌሪ ሕግ የሚባል አለ፣ ከ1990 ጀምሮ። ስሙን ያገኘው ፔንሲልቬንያ ውስጥ ሊሃይ ዩኒቨርሲቲ ትማር ከነበረችው ጂን ክሌሪ ነው፤ በ1986 ዶርሟ ውስጥ ተደፍራ ተገደለች፣ ገና 19 ዓመቷ ነበር። ወላጆቿ እዚያ ካምፓስ ምን ያህል ወንጀል እንደሚፈጸም ማንም አልነገረንም ብለው ታገሉ፣ ሕጉም ወጣ። በ2008 ደግሞ ተሻሻለና ዩኒቨርሲቲዎች አደጋ መኖሩን እንዳረጋገጡ ሳይዘገዩ እንዲያስታውቁ፣ ሲስተሙንም ቢያንስ በዓመት አንዴ እንዲሞክሩ ግዴታ ሆነ። ስለዚህ መልእክቱ የሚላክልን ዩኒቨርሲቲው ቸር ስለሆነ አይደለም። ሕግ ነው።

አሁን ወደኛ ካምፓስ። ባለፈው ፎል ሴሚስተር አንድ ማታ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሥራ ላይ ነበርኩ። የሁሉም ሰው ስልክ ባንዴ ጮኸ። መልእክቱ በግርድፉ፣ "ፖሊስ በምሥራቁ ፓርኪንግ አካባቢ ለተፈጠረ ሁኔታ ምላሽ እየሰጠ ነው፣ ከአካባቢው ራቁ" ይላል። በቃ ይሄው ነው። ምን ሁኔታ? የመኪና ግጭት ነው? እሳት ነው? ቤተ መጻሕፍቱና ፓርኪንጉ ደግሞ የሚለያያቸው አንድ መንገድ ብቻ ነው። ራቁ ሲባል ተማሪው ላፕቶፑን እየከተተ ወደ ዋናው በር መሄድ ጀመረ፣ በሩ ደግሞ የሚከፈተው ወደ ፓርኪንጉ ነው። እኔና አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በሩ ላይ ቆመን፣ "ቆይ፣ ሁለተኛው መልእክት ይምጣ" እያልን ለመንናቸው። ሁለተኛው መጣ፤ መሣሪያ የያዘ ሰው ታይቷል፣ ሕንፃ ውስጥ ሁኑ፣ በር ቆልፉ የሚል። በሁለቱ መልእክት መካከል ያለው ጊዜ አጭር ነበር፣ ግን ሰው ወጥቶ መንገዱን ለመሻገር ከበቂ በላይ ነው። እንደ እድል ሆኖ ሰውየው ማንንም ሳይጎዳ ተያዘ፣ "አደጋው አልፏል" የሚል ሦስተኛ መልእክትም ደረሰን።

እኔ እንደሚመስለኝ የመጀመሪያው መልእክት ሦስት ነገር ካልያዘ ባይላክ ይሻላል ለማለት ይዳዳኛል፦ ምን እንደሆነ፣ የት እንደሆነ፣ ምን እንደምናደርግ። ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ በፌብሩዋሪ 2023 ሦስት ተማሪ የተገደለበት ማታ የተላከው መልእክት "ሩጡ፣ ተደበቁ፣ ታገሉ" የሚለውን ትእዛዝ ይዞ ነበር። ቅደም ተከተሉ ነው ቁም ነገሩ። ማምለጥ ከቻልክ አምልጥ፣ ካልቻልክ በር ቆልፈህ መብራት አጥፍተህ ስልክህን ድምፅ አልባ አድርገህ ተደበቅ፣ መታገል ሌላ ምርጫ ሲጠፋ ብቻ ነው። ይህን ተማሪ በኦሪየንቴሽን ይማራል። ሌላው ሰው ከየት ይማር?

ሌላው ሰው ያልኩት ዋናው ነገሬ ነው። የተማሪዎች ካፍቴሪያ ወጥ ቤቱ ምድር ቤት ነው። እዚያ የሚሠሩት ብዙዎቹ ሐበሾች ናቸው፣ ደመወዛቸውን የሚከፍላቸው ግን ዩኒቨርሲቲው ሳይሆን ኮንትራት የያዘ ሌላ ድርጅት ነው። ዕቃ ማጠቢያ ማሽኑ ሲሠራ አጠገብህ ያለ ሰው የሚለው አይሰማህም። ስልክ በሥራ ሰዓት ሎከር ውስጥ ይቆለፋል፣ የድርጅቱ ደንብ ነው። ድምፅ ማጉያ ተማሪው የሚበላበት አዳራሽ ውስጥ አለ፣ ወጥ ቤት ውስጥ የለም። ዕቃ አጣቢዋን እትዬ ነው የምላቸው፣ በእናቴ ዕድሜ ናቸው። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ አገኘኋቸውና ማታ እንዴት አደረጋችሁ ስላቸው፣ "ኧረ ምን ሰምተን ልጄ! እኔማ ቆሻሻ ልጥል በጓሮ በር ወጥቼ ነበር። ውጭው ጭር ብሏል። ዛሬ እነዚህ ልጆች የት ገቡ ብዬ ተመለስኩ" አሉኝ። የቆሻሻ ገንዳው ያለው ከፓርኪንጉ ጀርባ ነው።

ፓርኪንግ ቡዝ ውስጥ የነበረው ልጅም እንደዚሁ። እሱ ያወቀው የፖሊስ መኪና መብራት አይቶ ነው። ሰውየው ታየ የተባለው እሱ ያለበት ፓርኪንግ ውስጥ ነው እኮ! ከሁሉም በፊት ማወቅ የነበረበት እሱ ነው፣ ጭራሽ ያልተነገረውም እሱ ነው።

ምክንያቱ ክፋት አይመስለኝም። ሲስተሙ ስልክ ቁጥር የሚወስደው ከተማሪና ከዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ መዝገብ ነው። የዩኒቨርሲቲው ኢሜይል የሌለው ሰው መዝገቡ ውስጥ የለም፣ መዝገቡ ውስጥ የሌለ ደግሞ ቴክስት አይደርሰውም። ማታ ሕንፃ የሚያጸዱት፣ ምግብ የሚሠሩት፣ መኪና የሚያስገቡት ሁሉ እዚያ ክፍተት ውስጥ ናቸው። ሁሉም ሰው ወደ ቤቱ ሄዶ ካምፓሱ ውስጥ የሚቀሩት ደግሞ እነሱ ናቸው።

መልእክቱን የሚልከው ቢሮ ድረስ ሄጄ ጠየቅሁ። የተቀበለችኝ ሴት በደንብ ነው ያነጋገረችኝ፣ ይህን መመስከር አለብኝ። ኮንትራት ሠራተኞች በእንግዳ ፎርም ራሳቸው መመዝገብ ይችላሉ አለችኝ። ፎርሙ ድረ ገጹ ላይ አለ፣ ስልክ ቁጥር ብቻ ነው የሚጠይቀው፣ ዜግነትም ወረቀትም አይጠይቅም። ይህንን የምጽፈው በተለይ የወረቀት ነገር የሚያሳስባቸው ሰዎች ሲፈሩ ስላየሁ ነው። ግን ፎርሙን ለማግኘት ገጽ ከገጽ መክፈት አለብህ፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው፣ መኖሩንም ለወጥ ቤቱ ሠራተኞች የነገራቸው የለም። እትዬንና የሺፍት ጓደኞቻቸውን ምሳ ሰዓት ላይ ተቀምጠን አስመዘገብን፤ አንድ ሰው ለማስገባት ሁለት ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። ሌላ ካምፓስ የምትሠሩ፣ የናንተም ዩኒቨርሲቲ እንደዚህ ያለ ፎርም ወይም አንድ ቃል በቴክስት ልካችሁ የምትመዘገቡበት አጭር ቁጥር ሊኖረው ስለሚችል ዛሬውኑ ጠይቁ። ስልክ ሎከር ውስጥ ለሚቆለፍባችሁ ደግሞ፣ ቢያንስ የሺፍት መሪው ስልክ ውጭ እንዲሆን አለቃችሁን ጠይቁ። እዚህ ጠይቀው ተፈቅዶላቸዋል።

ለወላጆች አንድ ነገር ልበል። ልጆቻችሁ የናንተን ቁጥር ሲስተሙ ውስጥ መጨመር ይችላሉ፣ ብዙ ቦታ ይፈቀዳል፤ ዜናውን ከቲክቶክ ከምትሰሙ ከምንጩ ትሰማላችሁ። ግን መልእክቱ ሲደርሳችሁ አትደውሉ! አውቃለሁ፣ የኛ እናት ድምፅ ካልሰማች አታምንም። ልጁ ጠረጴዛ ሥር ተደብቆ ከሆነ የስልኩ ጥሪ ያለበትን ቦታ ያሳብቅበታል። ቴክስት ጻፉ፣ "ደህና ነህ?" ብቻ፣ ከዚያ ጠብቁ። ጥበቃው ሊረዝም ይችላል። ኖቬምበር 2022 ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ቨርጂኒያ ውስጥ ሦስት ተማሪዎች ከጉዞ በተመለሰ አውቶቡስ ውስጥ ሲገደሉ፣ ተማሪው ሌሊቱን ሙሉ እስከ ረፋድ ድረስ ካለበት እንዳይወጣ ተብሎ ነበር። የስልክ ባትሪ እስከዚያ መድረስ አለበት።

የቀረውን ባጭሩ። ሰማያዊ መብራት ያለባቸው የአደጋ ስልኮች እኛ ካምፓስ ውስጥ አሁንም አሉ፣ ይሠራሉም፤ የካምፓስ ፖሊስ ሲፈትሻቸው ቆሜ አይቻለሁ። ቁልፉን ከተጫንክ መናገር ባትችል እንኳ ያለህበትን ቦታ ያውቁታል፣ ለዚህ ነው እንግሊዝኛ ለሚከብዳቸው ሰዎች በጣም የምወድላቸው። 911 ስትደውሉም መጀመሪያ አድራሻውን ተናገሩ፣ ከዚያ "አምሃሪክ" በሉ፣ ብዙ ቦታ በስልክ አስተርጓሚ ያገናኛሉ። ማታ ከሥራ ስትወጡ ከሕንፃ እስከ መኪና የሚያደርሳችሁ የሸኚ አገልግሎት ጥሩ ነው፣ ግን እኩለ ሌሊት ሳይሞላ ይዘጋል፣ የጽዳት ሺፍት የሚያበቃው ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው። የክፍል በሮቻችን አንድ ቁልፍ በመጫን ከውስጥ የሚዘጉ ሆነዋል፣ ለዚህ ሙሉ ነጥብ ይገባቸዋል። የዶርም በር ላይ ግን ተማሪዎች ጫማ እየሰኩ ክፍት ይተዉታል። የጂን ክሌሪ ገዳይም የገባው መቆለፍ ሲገባቸው ክፍት በተተዉ በሮች ነው። እባካችሁ ያንን ጫማ ስታዩት አንሱት።

ውሸት ማስጠንቀቂያ ሰልችቶናል የሚሉ ተማሪዎችም አሉ። ኦገስት 2025 ላይ ቪላኖቫን ጨምሮ ብዙ ካምፓሶች ተኩስ አለ በሚል የሐሰት የስልክ ጥሪ ሲታመሱ ነበር፣ እውነት ነው። ያም ሆኖ እኔ አንድም መልእክት እንዲያመልጠኝ አልፈልግም። የሐሰቱ ጥሪ ጥፋት የደዋዩ ነው፣ ልጆቹ ተደብቀው ማልቀሳቸው ያንገበግበኛል፣ ግን መልእክቱን አጥፍቶ መተኛት መፍትሔ አይሆንም።

ከወጥ ቤቱ ሠራተኞች ጋር ሆነን ለቢሮው ደብዳቤ አስገብተናል። የጠየቅነው ሦስት ነገር ነው፦ ኮንትራት ያላቸው ድርጅቶች አዲስ ሠራተኛ ሲቀጥሩ እዚያው እንዲያስመዘግቡ፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ ድምፅ ማጉያና የሚበራ መብራት እንዲገባ፣ የሸኚ አገልግሎቱ እስከ ጽዳት ሺፍት ማብቂያ እንዲቆይ። የዓመቱ የደኅንነት ሪፖርት በሕግ እስከ ኦክቶበር 1 መውጣት አለበት። ከመልሳቸው ጋር እሱንም አንብቤ ኮከቡን አስተካክላለሁ።