የዳያሊሲስ ቱቦው ጎበዝ ነው፣ ሻጩ ግን...

ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የዳያሊሲስ ቱቦ ማለት ትንንሽ ቅንጣቶችን ብቻ የሚያሳልፉ፣ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ያሉት ስስ የሙከራ ቱቦ ነው። ቱቦውን የገዛሁት ደሴ ፒያሳ ካለች አንዲት ትንሽ ሱቅ ነው። ዋጋው ቆንጠጥ ያደርጋል። ደረቁን ሲያዩት የሽንኩርት ልጣጭ ይመስላል። የመጀመሪያውን ሳልነክር ልከፍተው ስታገል ቀደድኩት። ሻጩ "መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ንከረው" ቢለኝ ምን ነበረበት?

ሁለተኛውን ነክሬ በስታርች ሞላሁት። ጫፍና ጫፉን በክር አስሬ አዮዲን ጠብ ያደረግኩበት ውሃ ውስጥ ከተትኩት። ብዙም ሳይቆይ ውስጡ ጥቁር ሰማያዊ ሆነ። የውጪው ውሃ ግን ያው ቀጭን ሻይ መልኩን እንደያዘ ነው። አዮዲን ስታርችን ሲያገኝ ጥቁር ሰማያዊ ያደርገዋል፤ ስለዚህ አዮዲኑ ገብቷል ማለት ነው፤ ስታርቹ ግዙፍ ስለሆነ ቀዳዳው አላሳለፈውም። ከኋላ ያሉት ተማሪዎች ወንበር ላይ ቆመው አዩ።

በስኳር ውሃ የሞላሁት ደግሞ ውሃ ስቦ እንደ ቋሊማ ተወጠረ። ቋጠሮዬ ላላ ብሎ ትንሽ አፍስሷል፣ እሱ የኔ ጥፋት ነው። ቱቦውን ደግሜ እገዛዋለሁ።