ለዋይፋዬ ሐኪም ምስጋና፣ ሊኑክስ ለምትጠቀሙ ደግሞ ጥቆማ

ማመስገን ያለብኝ ልጅ አለ። በነካ እጄ ምሬቴንም ላውጣው።

ላፕቶፔ ላይ ኡቡንቱ 22.04 (በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን የሊኑክስ ዓይነት) የጫነችልኝ ልጄ ናት፣ ጀርመን ለትምህርት ከመሄዷ በፊት። "አባዬ፣ በዚህ ቫይረስ አያስቸግርህም" ብላ። እውነቷን ነው፣ አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ዋይፋዩ ነው። በዩኤስቢ የምትሰካ የሪልቴክ መቀበያ አለችኝ፤ ኡቡንቱ አፕዴት ባደረገ ቁጥር ድርግም ትላለች። ዋይፋይ ከሌለ ደግሞ ከልጄ ጋር የእሁዱ ወሬ የለም።

ያላንኳኳሁት ጥገና ቤት የለም ማለት ይቻላል። አንዱ ገና ሳይሰካው "ተቃጥሏል፣ አዲስ ይግዙ" አለኝ። ሌላው ጋ ከፍዬ፣ ሠርቶልኝ፣ መርቄው ወጣሁ። ቀጣዩ አፕዴት ሲመጣ ያው ሆነ። መልሼ ብወስደው "እኛ ስንሰጥዎት ይሠራ ነበር" ብሎ ከበር መለሰኝ። አንዱማ ሁሉንም አጥፍቼ ዊንዶውስ ካልጫንኩ ብሎ ድርቅ! የልጄ ፎቶ ሁሉ እዚያ ውስጥ እኮ ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ አንጀቴ ግን አሯል።

በመጨረሻ አራት ኪሎ አካባቢ የሚሠራ ልጅ ጋ ሂድ ተባልኩ። ልጁ ለመፍታት አልቸኮለም። ጥቁሩን መስኮት ከፍቶ አንድ ቁጥር አወጣና ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፈው፦ 5.15.0-94። ትንሽ ፈለግ ፈለግ አድርጎ ከሥሩ ሌላ ጻፈ፦ 5.15.0-91። በእስክሪብቶው ጫፍ የመጨረሻዎቹን ቁጥሮች መታ መታ አደረገ።

"ጋሼ፣ ነገሩ ይቺ ናት" አለኝ። አሁን የሚሠራው ከርነል (የኡቡንቱ ሞተር በሉት) 94 ነው፤ የዋይፋዩ ሞጁል (መቀበያዋን የሚያሠራት ፕሮግራም) የተሠራው ግን በ91 ሄደር (ሞጁሉ የሚሰፋበት የከርነሉ ልክ በሉት) ነው። የ94 ሄደር ከነጭራሹ አልተጫነም። "በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ሱሪ ይገባዎታል?" ብሎ ሳቀ። ከዚህ በላይ ያለውን እኔን አትጠይቁኝ።

ሄደሩን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ የእኔ ደግሞ በሽታው እሱ ነው። ልጁ የራሱን ስልክ በገመድ ሰክቶ በራሱ ዳታ አወረደው። የዳታውን ልክፈል ብለው "ኧረ ጋሼ!" ብሎ ተቆጣኝ። ደግሞ አዲስ ከርነል ሲመጣ ሄደሩ አብሮ እንዲወርድ አደረገና ዲኬኤምኤስ የሚባል ፕሮግራም አስገባልኝ፤ እሱ ሞጁሉን ራሱ በአዲሱ ከርነል ልክ እንደገና ይሠራዋል። አጥፍቶ አበራው። ዋይፋዩ ያዘ።

በዚህ አላበቃም። ሰንበት ብሎ ደወለልኝ፦ "አዲስ ከርነል ወጥቷል፣ እንዴት ሆነልዎት?" ገንዘቡን ተቀብሎ የሚደውል ባለሙያ እናንተ አይታችኋል? እኔ አላየሁም። ዋይፋዩም ንቅንቅ አላለም። ተባረክ ልጄ፣ እጅህ ይባረክ!

ሊኑክስ ተጭኖባችሁ ዋይፋይ፣ ፕሪንተር ወይ ሌላ ነገር እምቢ ያላችሁ፣ እባካችሁ አዲስ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት እሱ ጋ ሂዱ። ስልኩን በአደባባይ ባልጽፈው ይሻላል፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና እሰጣችኋለሁ። ከሰዓት በኋላ ሂዱ፣ ጠዋት ወረፋ አለው።