ትንሽ ቫይብሬተር፣ በአየር ግፊት የሚሠራ ወይስ ባለ እጀታ? የቂንጥር ማነቃቂያ ለሚመርጡ የደሴና የኮምቦልቻ ሴቶች

የቂንጥር ማነቃቂያ ደሴ ፒያሳ ወይም ኮምቦልቻ ሱቅ ተገብቶ፣ በእጅ ተይዞና ተሞክሮ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ በሰው እጅ ይመጣል፤ አንዴ ከመጣ ደግሞ መመለስ የለም። ስለዚህ ምርጫው ሳይታዘዝ በፊት ማለቅ አለበት። ሻጮች የሚያደምቁት የንዝረቱን ዓይነት ብዛት ነው፤ «20 ዓይነት» ይላሉ። በዚህ ቁጥር አትመሪ። መጠየቅ ያለበት ዝቅተኛው ደረጃ ምን ያህል ለስላሳ እንደሆነ ነው። ከዚያ በኋላ የሚወስነው የራስሽ ሰውነት፣ የምትኖሪበት ቤት ግድግዳና የመብራቱ ጠባይ ነው።

ሐሳባችንን አስቀድመን እንናገር። አንድ ብቻ ለምትገዛ ሴት ሙሉ በሙሉ በሲሊኮን የተሸፈነ፣ በዩኤስቢ ቻርጅ የሚደረግ ትንሽ ቫይብሬተር ይሻላል። በአየር ግፊት የሚሠራው ለገጠማት ሴት ፈጣን ነው፤ ካልገጠመ ግን ገንዘቡ ባከነ። ባለ እጀታው ትልቁ ቫይብሬተር ደግሞ ቀላል ንዝረት የማይሰማትና የተገረዘች ሴት በመጀመሪያ ልታስበው የሚገባ ነው።

የተገረዙ ሴቶችን በተመለከተ

ወሎ ውስጥ በልጅነታቸው የተገረዙ ሴቶች ብዙ ናቸው፤ ከእነሱም «የኔ አልቋል፣ ለእኔ አይሆንም» ብለው የተዉት አሉ። ይህ ትክክል አይደለም። ከውጭ የሚታየው የቂንጥር ጫፍ የአካሉ ትንሹ ክፍል ነው። አውስትራሊያዊቷ የዩሮሎጂ ቀዶ ሐኪም ሄለን ኦኮነል እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመችው ጥናት እንዳሳየችው፣ ዋናው ክፍል ከቆዳው ሥር ሆኖ በሁለት እግር ተከፍሎ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ጫፉ ቢቆረጥም ከሥር ያለው ይቀራል። ምን ያህል ስሜት እንደሚቀር ግን እንደ አቆራረጡና እንደ ጠባሳው ከሴት ሴት ይለያያል።

የዕቃው ምርጫ የሚለወጠውም በዚህ ምክንያት ነው። በአየር ግፊት የሚሠራው ዕቃ በአፉ የሚከበው ወጣ ያለ ጫፍ ይፈልጋል፤ ጫፉ ከሌለ አየሩ ቆዳ ላይ ብቻ ይቀራል። ሰፊ ጭንቅላት ያለው ባለ እጀታ ግን ንዝረቱን በቆዳው አልፎ ከሥር ወዳለው አካል ያደርሳል። ጠባሳው ላይ በቀጥታ አትጀምሪ። በውስጥ ልብስ ላይ፣ ከጠባሳው ሁለት ጣት ያህል ርቀሽ፣ በዝቅተኛው ደረጃ ጀምሪና ቀስ እያልሽ ቅረቢ። የሚወጋ ሕመም ከተሰማሽ ወይም ጠባሳው ሥር እብጠት ካገኘሽ ዕቃውን ተይውና የማህፀን ሐኪም ይይሽ። ከግርዛት በኋላ ከዓመታት ቆይቶ ጠባሳ ውስጥ ፈሳሽ የቋጠረ እብጠት ሊወጣ ይችላል፤ ይታከማል። ደሴ ኮምፕረሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የማህፀንና ጽንስ ክፍል አለው።

ትንሹ ቫይብሬተር

ርዝመቱ ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 10 ሴንቲሜትር ነው። ውስጡ ያለው ሚዛኑ የተዛባ ክብደት የሚያሽከረክር ትንሽ ሞተር ነው። ክብደቱ ትንሽ ከሆነ ሞተሩ በጣም መፍጠን አለበት፤ እንደ ንብ ጢዝ ይላል፣ ስሜቱ ቆዳው ላይ ብቻ ይቀራል፣ ቶሎም ያደነዝዛል። ክብደቱ ከበድ ሲል ንዝረቱ ዝግ ብሎ ያጉረመርማል፤ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። የሚፈለገው ሁለተኛው ነው። ሻጩ ዕቃውን አስነስቶ ቪዲዮ እንዲልክልሽ ጠይቂ፤ ድምፁ ቀጭን ከሆነ እለፊው። እጅሽ ከገባ በኋላ የአፍንጫሽን ጫፍ አስነኪው፦ አፍንጫሽን ብቻ የሚያሳክክ ከሆነ ቀጭን ነው፤ እስከ አጥንቱ ከተሰማሽ ጥሩ ሞተር አለው።

ሞተሩ የት እንዳለም ይታይ። ጫፉ ላይ ካልሆነ ከሰውነትሽ ይልቅ የያዘው እጅ ይነዝራል፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላም ጣቶችሽ ይደነዝዛሉ።

የዚህ ዓይነቱ ትልቅ ጥቅም ስህተትን መቻሉ ነው። ጎን ላይ ቢሆን፣ በልብስ ላይ ቢሆን፣ ከባልሽ ጋር ስትሆኑ በሁለታችሁ መካከል ቢገባ ይሠራል። ጉድለቱ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ተጭኖ ረጅም ጊዜ ሲቆይ ማደንዘዙ ነው። ድንዛዜው ጊዜያዊ ነው፤ ሲሰማሽ ደረጃውን ከመጨመር ይልቅ ለጥቂት ደቂቃ አንሺው።

በአየር ግፊት የሚሠራው

እ.ኤ.አ. በ2014 በጀርመን ውማናይዘር በሚል ስም ከወጣ ጀምሮ ብዙዎች ቀድተውታል። በአፉ ውስጥ ያለ ስስ ሽፋን ወደፊትና ወደኋላ ሲርገበገብ በትንሿ ጉድጓድ ያለውን አየር ይገፋል፣ ይስባል። ቂንጥሩን የሚነካው አየሩ ስለሆነ ቀጥተኛ ንክኪ የሚያማቸው ሴቶች ይወዱታል።

ሁሉም ነገር የሚወሰነው በአፉ መግጠም ነው። የውስጥ ስፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ሁለት መጠን ያላቸው ተቀያሪ አፎች ይዞ የሚመጣ ካገኘሽ እሱን ምረጪ። አጠቃቀሙ እንዲህ ነው፦ በጠርዙ ዙሪያ ትንሽ ማለስለሻ ቀቢ። በአንድ እጅሽ ከንፈሮቹን ከፍተሽ ቂንጥሩን የሚሸፍነውን ቆዳ በቀስታ ወደ ላይ ሳቢ። አፉን ዙሪያውን አስቀምጪ፣ ከዚያ በዝቅተኛው አስነሺው። ድምፁን አዳምጪ፤ አየር ሲያመልጥ ይጮሃል፣ ሲገጥም ይታፈናል። ምንም ካልተሰማሽ አትጫኚው፤ በሚሊሜትር ወደ ላይ፣ ወደ ታች አንሸራትቺው። ጠርዙ የሚያምሽ ከሆነ አፉ ጠብቧል። በጣም ከበረታብሽ የላይኛውን ቆዳ ልቀቂና በእሱ ላይ አስቀምጪው። በውስጥ ልብስ ላይ ግን አይሠራም፤ አየሩ ያመልጣል።

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል በሩብ ያህል ያንሳል፤ ዕቃው የሚፈጥረው የግፊት ልዩነትም በዚያው ልክ ለስለስ ይላል። አንድ ደረጃ ብትጨምሪ ይካካሳል። አፉ ካልገጠመ ግን ምንም ያህል ደረጃ ቢጨመር አይካካስም።

ሌላው ችግሩ ጽዳት ነው። ማለስለሻና ፈሳሽ ጉድጓዱ ውስጥ ይቀራል፣ ይሸታል፣ ሽፋኑንም ያከብደዋል። አፉ ተነቅሎ የማይታጠበውን አትግዢ።

ባለ እጀታው

የዚህ ዓይነት አባት የሚባለው የጃፓኑ ሂታቺ ያወጣው ማጂክ ዋንድ ነው፤ 30 ሴንቲሜትር ገደማ ርዝመት አለው። ኃይለኛና ሰፊ ነው፤ በታጠፈ ፎጣ ላይ ሆኖ እንኳ ይሰማል። ለማን እንደሚሆን ከላይ ተናግረናል። ከአሜሪካ የሚመጣው ባለ ገመድ ግን ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። የእኛ መብራት 220 ቮልት ስለሆነ ሶኬቱን በአዳፕተር ብቻ አስማምቶ መሰካት ሞተሩን ያቃጥለዋል። ቻርጅ የሚደረገውን ስትመርጪ ቻርጀሩ ላይ «100–240» የሚል ጽሑፍ መኖሩን አረጋግጪ።

ድምፁም ትልቅ ነው። በስስ ጣውላ በተከፈለ ወይም ኮርኒሱ ከጎረቤት ጋር በተያያዘ የኪራይ ክፍል ውስጥ ባለ እጀታው ይሰማል። በአየር የሚሠራው ሲገጥም ዝም ይላል፣ ሲነሳ ይጮሃል፤ ስለዚህ ሳታጠፊው አታንሺው። ዕቃውን የብረት አልጋ ላይ ወይም ወለል ላይ እየሠራ አታስቀምጪ፤ ንዝረቱ ግድግዳውን ይዞ ይሄዳል። ድምፁን ለማፈን ብርድ ልብስ ከሙዚቃ የተሻለ ይሠራል።

ከምን ተሠራ

ሲሊኮንና ኤቢኤስ የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ፈሳሽ ወደ ውስጥ አያስገቡም፤ በሳሙና ይጸዳሉ። ጄሊ የሚባለው፣ እንደ ላስቲክ የሚለጠጠውና ብርሃን የሚያሳልፈው ግን ጥቃቅን ቀዳዳ ስላለው የገባውን ቆሻሻ በማጠብ አታወጪውም። ፓኬቱ ሲከፈት የፕላስቲክ ሽታ አፍንጫ የሚመታ ከሆነ፣ ከቆይታ በኋላም ገጹ እየተጣበቀ አቧራ የሚይዝ ከሆነ ይኸኛው ነው። ካለሽ ሁልጊዜ ኮንዶም አልብሺው።

ማለስለሻው ከዕቃው ጋር መስማማት አለበት። በውሃ የተሠራ፣ ፋርማሲ የሚሸጥ ማለስለሻ ለሁሉም ይሆናል፤ የሻይ ማንኪያ ግማሽ ይበቃል፣ ሲደርቅ ማለስለሻ ከመደራረብ ጥቂት የውሃ ጠብታ ጨምሪ። ሲሊኮን ያለበት ማለስለሻ የሲሊኮን ዕቃን ገጽ ሊያበላሽ ይችላል። ቅቤ፣ ቫዝሊን፣ የፀጉር ቅባት ኮንዶምን ይበጥሳሉ፣ ለመታጠብም ያስቸግራሉ። ለቆዳ የሚሸጠው ንጹሕ ግሊሰሪን ያቃጥላል፤ ከሕዋሳቱ ውሃ ይስባል። የዓለም ጤና ድርጅትም በማለስለሻ ውስጥ የሟሟው ነገር ክምችት (ውሃ የመሳብ አቅሙ መለኪያ) በኪሎግራም ከ1,200 ሚሊኦስሞል እንዳይበልጥ የሚመክረው ለዚህ ነው።

መብራትና ባትሪ

መብራት ሄዶ ሲመለስ ቮልቴጁ ስለሚዘል መብራቱ ሲሄድ ቻርጀሩን ከሶኬት ንቀይ። ፓወር ባንክ ይሠራል፤ ነገር ግን እነዚህ ዕቃዎች የሚስቡት ኮረንቲ ትንሽ ስለሆነ ብዙ ፓወር ባንኮች «ምንም አልተሰካም» ብለው በራሳቸው ይጠፋሉ። ዕቃው ተበላሸ ከማለትሽ በፊት ባለ 5 ቮልት 1 አምፔር ተራ የስልክ ቻርጀር ሞክሪ። በሁለቱም ጫፍ ታይፕ ሲ የሆነ ገመድ ርካሽ ዕቃዎችን ቻርጅ የማያደርግበት ጊዜ አለ፤ አብሮ የመጣውን ገመድ አትጣዪ። በማግኔት የሚለጠፍ ቻርጀር ከሆነ ሁለቱ ነጥቦች ላይ የደረቀ ሳሙና አለመኖሩን እዪ። የልብ ምት ማስተካከያ በሰውነቱ ውስጥ ያለው ሰው ማግኔቱን ደረቱ ላይ አያስጠጋ።

በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ርካሽ ነው፤ መብራትም አይፈልግም። ለአንድ ወር ሳትጠቀሚበት የምትቆዪ ከሆነ ድንጋዩን አውጪው፤ ፈስሶ ድንጋዩ የሚነካቸውን ብረቶች ይበላቸዋል።

ስትቀበዪውና ስታጥቢው

አዲስ ዕቃ «አይነሳም» ተብሎ የሚጣለው ብዙ ጊዜ ለጉዞ ተቆልፎ ስለመጣ ነው። የኃይል ቁልፉን ወይም የመጨመሪያና የመቀነሻ ቁልፎቹን አንድ ላይ ሦስት ሰከንድ ያህል ተጭነሽ ያዢ፤ ካልሆነ ቻርጀሩን ሰክተሽ ሞክሪ። ስፌቱን በጥፍርሽ ዳብሺ፤ ሹል ጠርዝ ካለ አትጠቀሚበት።

አይፒኤክስ 7 የተጻፈበት ለግማሽ ሰዓት 1 ሜትር ውሃ ውስጥ ይችላል። ያ ምልክት ከሌለ በሳሙና ውሃ በረጠበ ጨርቅ ብቻ ጥረጊው። የጀሪካን ውሃ ስትጠቀሚ አፍልተሽ አቀዝቅዢው፤ ደሴ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ መፍላት ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ አቆይው፣ ከ2,000 ሜትር በታች ላለችው ኮምቦልቻ 1 ደቂቃ ይበቃል። ሞተር ያለውን ዕቃ ራሱን ግን አታፍዪ፣ በረኪናም አትንኪው። ካጠብሽ በኋላ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ በፌስታል አትቋጥሪው፤ ለብቻው በንጹሕ የጥጥ ከረጢት ይቀመጥ፣ ከጄሊ ዕቃ ጋርም አይነካካ። ከወለድሽ ስድስት ሳምንት ካልሞላሽ፣ ቁስል ወይም ማሳከክ ካለብሽ መጀመሪያ ታከሚ፤ ፈንገስ ከነበረብሽም ከዳንሽ በኋላ ዕቃውን እንደገና አጥበሽ ነው የምትመለሺው።