ደሴ ላይ ሁለተኛ ራውተር ማስገጠም፦ ገመዱ ጥሩ፣ ሴቲንጉ ግማሽ

አንድ እንግዳ እናቱ ቤት ዋይፋዩ ጓሮ ድረስ እንዲደርስ ከቴሌው ሞደም ሌላ ሁለተኛ ራውተር አስገጠመ። ፒያሳ ካለ የኮምፒውተር ጥገና ቤት የተጠራው ባለሙያ በገመድ ሥራው ይመሰገናል። ከሳሎን እስከ ጓሮው ሰርቪስ ቤት 25 ሜትር ካት 5 ኢ ኬብል (የኔትወርክ ገመድ) በፕላስቲክ ቱቦ አሳልፎ፣ ሁለቱንም ጫፍ በአንድ ዓይነት የቀለም ተራ መትቶታል፦ ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ። ኬብሉ እስከ 100 ሜትር ስለሚችል ርቀቱ አያሳስብም።

ጉድለቱ ሴቲንጉ ላይ ነው። ኬብሉን አዲሱ ራውተር "ዋን" የሚለው (ኢንተርኔት ከውጭ የሚገባበት) ቀዳዳ ላይ ሰክቶ ሄደ። ኢንተርኔት ስለሚሠራ ሥራው ያለቀ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለተኛው ራውተር የራሱን ኔትወርክ ይከፍትና ሰርቪስ ቤት ያለ ስልክ ሳሎን ያለውን ፕሪንተር አያገኘውም። የሞደሙም የአዲሱም ራውተር የኔትወርክ አድራሻ 192.168.1.1 ከሆነማ ጭራሽ ይምታታል።

መሆን የነበረበት እንዲህ ነው። ኬብሉ ሳይሰካ ላፕቶፕ ከአዲሱ ራውተር ጋር ብቻ ይገናኝ። የራውተሩ አድራሻ ወደ 192.168.1.2 ይቀየር፤ በዚያው አድራሻ ተመልሶ ተገብቶ ዲኤችሲፒ (ለየስልኩ አድራሻ የሚያድለው ሥራ) ይጥፋ። አድራሻ የሚያድለው አንድ ብቻ መሆን አለበት፤ እሱም የቴሌው ሞደም ነው። ሞደሙ ያንኑ አድራሻ ለሌላ ስልክ እንዳይሰጥ እደላው ከ192.168.1.10 ይጀምር። ከዚያ ኬብሉ ከሞደሙ "ላን" (የቤት ውስጥ ዕቃዎች የሚሰኩበት ቀዳዳ) ወደ አዲሱ ላን፤ ዋን ባዶውን ይቀራል። ዲኤችሲፒ ሳይጠፋ ከተሰካ አንዳንዱ ስልክ የተሳሳተ መውጫ ይይዝና "ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት የለም" ይላል። ራውተሩ "አክሰስ ፖይንት" (የሞደሙን ኔትወርክ በዋይፋይ ብቻ የሚያዳርስ) የሚል ምርጫ ካለው አብዛኛውን ራሱ ይጨርሰዋል።

የዋይፋዩ ስምና ፓስዎርድ በሁለቱም አንድ ይሁን፤ ቻናሉ (ዋይፋዩ የሚሠራበት የሞገድ መስመር) ግን ይለያይ፣ አንዱ 1 ሌላው 11።

ራውተሩን ከአሜሪካ ይዞ የሚመጣ ሰው አዳፕተሩ ላይ 100-240 ቮልት መጻፉን ይይ። 120 ብቻ ከሆነ የኛ 220 ያቃጥለዋል። መብራት ሲጠፋም ትንሿ መጠባበቂያ ባትሪ ለሞደሙም ለራውተሩም ታስፈልጋለች፤ ሞደሙ ከጠፋ ሁለተኛው ቢበራ ትርጉም የለውም።

ሂሳብ ከመከፈሉ በፊት ሰርቪስ ቤት ገብቶ የስልኩን ዋይፋይ ዝርዝር መክፈት ነው፤ "ጌትዌይ" (የኢንተርኔት መውጫው፣ ማለትም የሞደሙ አድራሻ) 192.168.1.1 ካላለ ባለሙያው አይሸኝ። የራውተሩን መግቢያ ፓስዎርድም ወረቀት ላይ ጽፎ ይተው፤ እንግዳው ሲመለስ ከዕቃው ጋር የምትቀረው እናት ናት።