አምስት መታጠቢያ ቤት ለሦስት ሰው፦ ለገጣፎ ባለው ባለ ሁለት ፎቅ ቤታችን የአሥራ ዘጠኝ ወር ኑሮ

ለገጣፎ ወዳለው ባለ ሁለት ፎቅ ቤታችን ከገባን አሥራ ዘጠኝ ወር ሆነን። ቤቱ ስድስት መኝታ፣ ሁለት ሳሎን፣ አምስት መታጠቢያ ቤትና ከኋላ ሰርቪስ ያለው ሲሆን፣ የምንኖርበት ግን እኔ፣ ባለቤቴና የሰባት ዓመት ልጃችን ብቻ ነን። ስለዚህ ቤት እንድጽፍ ያነሣሣኝ ስፋቱም ውበቱም አይደለም። ባለፈው ዓመት በጥር ወር፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቡና ተፈልቶ ሳለ፣ አንዲት ትልቅ ጎረቤታችን የነጠላቸውን ጫፍ ቀስ ብለው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። ምንም አልተናገሩም፤ ሁለተኛውን ስኒ ጠጥተው፣ ሦስተኛውን ሳይጠብቁ፣ መርቀውን ወጡ። በረካ ሳይጠጣ የወጣ እንግዳ በቤታችን አይተን አናውቅም ነበር።

እኔና ባለቤቴ ተያየን፤ ለእኛ ግን ምንም አልሸተተንም። ሽታ የሚለመድ ነገር ስለሆነ ከውስጡ የሚኖር ሰው የመጨረሻው አዋቂ ይሆናል። በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ቆይቼ ስመለስ፣ ደረጃው ሥር ስደርስ፣ የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ነገር ፊቴን መታኝ።

መጀመሪያ የጠረጠርነው የሞተ አይጥ ነበር፤ ቁም ሣጥን ሁሉ ከግድግዳ ተነቀለ፣ አይጥ ግን አልተገኘም። ቀጥሎ ሴፕቲክ ታንኩ ሞልቶ ይሆናል ብለን የፍሳሽ ማንሻ መኪና ጠራን። እንደ አብዛኛው የከተማዋ ዳርቻ ሁሉ በእኛም ሰፈር የፍሳሽ መስመር የለም፤ እያንዳንዱ ቤት ጉድጓዱን በየግቢው ቀብሮ ይኖራል። የመኪናው ሠራተኛ ክዳኑን አንሥቶ ወደ ውስጥ ካየ በኋላ፣ «ይሄ እኮ ገና ሩቡም አልሞላም፤ ስንት ሰው ነው የምትኖሩት?» ሲል ጠየቀኝ። ሦስት መሆናችንን ስነግረው ሳቀ፤ ቢሆንም ሂሳቡን ተቀበለ። ሽታው እንዳለ ቀጠለ።

በመጨረሻ የመጣው የቧንቧ ሠራተኛ ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላው ልጅ ነበር። ወደ ሁለተኛው ፎቅ ወጣ፤ ከቤተሰባችን ማንም ታጥቦበት የማያውቀውን፣ የመጸዳጃው መቀመጫ ላይ የፋብሪካው ላስቲክ እንኳ ያልተነሣለትን መታጠቢያ ቤት ከፈተ፤ ከወለሉ ማፍሰሻ ላይ ወንፊቱን አነሣና የስልኩን መብራት ወደ ውስጥ አበራ። እኔም አጎንብሼ አየሁ። ውኃ ሊቋጥር የሚገባው ሲፎን፣ ማለትም የታጠፈው ቧንቧ፣ እንደ በጋ ኩሬ ደርቆ፣ ግርጌው ላይ ከግንባታው የተረፈ አሸዋና አንድ የሞተ በረሮ ብቻ ነበረ። ልጁ ሁለት ሊትር ያህል ውኃ በጆግ አፈሰሰበት፤ ሌሎቹንም እንዲሁ አደረገ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቤቱ የሰው ቤት ሆነ። መሣሪያውን እየሰበሰበ «ጋሼ፣ ይሄ ቤት አልተበላሸም፤ የሚታጠብ ሰው ነው የጎደለው» አለኝ።

አሠራሩን ከዚያ ወዲህ ነው ያጠናሁት። በየመታጠቢያው፣ በየመጸዳጃውና በየወለል ማፍሰሻው ሥር ቧንቧው ይታጠፋል፤ በመታጠፊያው ላይ የሚቀረው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውኃ በእኛና በጉድጓዱ መካከል ያለ ብቸኛ መዝጊያ ነው። ይህን የታጠፈ ቧንቧ እ.ኤ.አ. በ1775 የባለቤትነት መብት ያወጣበት ለንደን ውስጥ ይሠራ የነበረው ሰዓት ሠሪ አሌክሳንደር ከሚንግ ሲሆን፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ አልፎም ሐሳቡ አልተቀየረም። ሐሳቡ የቆመው ግን ቤቱን ሰው ይጠቀምበታል በሚል እምነት ላይ ነው። ሰው ካልታጠበበት ውኃው ይተናል፤ በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ የበጋ አየር ሳምንታት ይበቁታል። ውኃው ሲያልቅ ከጉድጓዱ የሚወጣው ጋዝ፣ ያን የእንቁላል ሽታ የሚሰጠው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ጭምር፣ ደረጃውን ይዞ ወደ ሳሎን ይወርዳል። በገባንበት ክረምት ያልታወቀን አየሩ እርጥብ ስለነበረ፣ ቀለም ቀቢውና አናጺው በየፎቁ ስለሚታጠቡ፣ ለቤት ምረቃ የመጣውም ዘመድ ሁሉንም ክፍል ስለሞላው ነበር። ቤቱ ጤነኛ የነበረው በሰው ተሞልቶ በቆየባቸው ወራት ብቻ ነው።

ችግሩ በዚህ ቢያበቃ ባልከፋኝ ነበር። ነገር ግን የላይኛው መታጠቢያ ቤት ውኃ ባፈሰስሁበት በሁለተኛው ቀን እንደገና መሽተት ጀመረ፤ በሁለት ቀን ውስጥ ደግሞ የትኛውም ውኃ ተንኖ አያልቅም። ልጁ ተመልሶ መጣና ኮርኒሱን ከፍቶ ወጣ። ታችኛው ፎቅ ላይ መጸዳጃው ሲለቀቅ በቧንቧው የሚወርደው ውኃ አየር ይስባል፤ ያንን አየር ከላይ የሚያስገባ ማስወጫ ቧንቧ ጣሪያውን ሰንጥቆ ወደ ሰማይ መውጣት አለበት። የእኛ ማስወጫ ከኮርኒሱ በላይ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ተቆርጦ ቀርቷል፤ አፉም ተጨማድዶ በተወተፈ የሲሚንቶ ወረቀት ተዘግቷል። ስለዚህ ታች እኛ መጸዳጃ በለቀቅን ቁጥር ላይ ያለው ሲፎን ውኃው ተመጥጦ ይሄድ ነበር። ቤቱን የሠራው ድርጅት ፎርማን ስደውልለት የሰጠኝ መልስ ቤቱን ስረከብ ፈርሜያለሁ የሚል ነበር። አዎን፣ ፈርሜያለሁ፤ የፈረምሁት ግን ሴራሚክና በር ቆጥሬ ነው እንጂ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ቧንቧ ቆጥሬ አይደለም። ማስወጫው በራሴ ወጪ በቆርቆሮው አልፎ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሥራ አለኝ። የማንጠቀምባቸው ሦስት መታጠቢያ ቤቶች እያንዳንዳቸው ሦስት አፍ አላቸው፦ የእጅ መታጠቢያ፣ መጸዳጃና የወለል ማፍሰሻ። ዘጠኙን አፍ አጠጣለሁ። አንድ ጀሪካን ሙሉ ውኃ ማንም ላልታጠበበት ቤት ይፈስሳል፤ ይህም ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት፣ ፈረቃው ሲዘል ደግሞ በቦቴ በሚገዛበት ሰፈር ነው። የአዲስ አበባን ውኃ ከሚያጠጡት ግድቦች አንዱ የሆነው ለገዳዲ ከእኛ ብዙም አይርቅም፤ ይህን ማወቅ ግን የሮቶውን ወለል አያርሰውም። ልጁ አንድ መፍትሔ መክሮኝ ነበር፤ በማፍሰሻው ውኃ ላይ ጥቂት ማንኪያ ዘይት ቢፈስ ትነቱን ያዘገየዋል፤ እውነትም ይሠራል። ባለቤቴ የዘይት ጠርሙሱን ይዤ ደረጃ ስወጣ ያገኘችኝ ቀን ግን የተናገረችውን እዚህ አልጽፈውም።

አሁን ቤቱን ስንገዛ ያግባቡንን ሰዎች በሐሳቤ እየጠራሁ እከራከራለሁ። ደላላው «ወንድሜ፣ ልጅ ይወለዳል፣ ቤተሰብ ይሰፋል» ይል ነበር። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አንዲት ሴት በሕይወት ዘመኗ የምትወልዳቸው ልጆች አማካይ በአገር ደረጃ 4.6፣ በአዲስ አበባ ግን 1.8 መሆኑን ያሳያል። የከተማው ሰው ልጅ እየቀነሰ ሳለ ስድስት መኝታ የሚሠራለት ለማን ነው? ልጅ ቢወለድ እንኳ ሕፃን የራሱ መታጠቢያ ቤት አይጠይቅም፤ የእኛዋ ሐምራዊ ቀለም የተቀባ ክፍል ተሰጥቷት እስካሁን ከእኛ ጋር ነው የምትተኛው።

«እንግዳስ? ሰርግስ? ለቅሶስ?» ይለኛል ደላላው። ይህን ክርክር ብዙ ሰው ስለሚያነሣው ረጋ ብዬ ልመልስለት። በአገራችን ሰው በብዛት የሚሰበሰብባቸው ቀናት በመኝታ ክፍል ቁጥር ተስተናግደው አያውቁም። ለቅሶ ሲሆን ዕድሩ ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩንና ድስቱን ይዞ ይመጣል፤ ሰርግም ቢሆን በድንኳን ወይም በአዳራሽ ነው። ባለፈው ዓመት የባለቤቴ አጎት ባረፉ ጊዜ ለሦስት ቀን ሁለት መቶ የሚሆን ሰው ተቀብለናል፤ ያ ሁሉ ሰው የተጠቀመው ግቢውን፣ ድንኳኑንና ከታች ያለችውን አንዲት መጸዳጃ ነው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ የወጣ አንድም ለቀስተኛ አልነበረም። ለእንግዳ የሚያስፈልገው ሰፊ ግቢና በቂ ውኃ ነው፤ የእኛን ግቢ ደግሞ ቤቱ በልቶታል።

ከሁሉ ያሳዘነኝ የእናቴ ነገር ነው። ለገና ከደብረ ብርሃን መጡ፤ ይህን ቤት ስገዛ በልቤ ለእሳቸው ያሰብሁት ክፍል ነበርና፣ መስኮቱ ወደ ፀሐይ መውጫ የሚያይ፣ የራሱ መታጠቢያ ያለው የላይኛው ክፍል ተነጠፈላቸው። ሻወሩን እንዴት እንደሚከፍቱት አሳየኋቸው፤ የፋብሪካውንም ላስቲክ በክብር ላነሣው ብዬ እጄን ሰደድሁ፤ እሳቸው ግን «ተወው ልጄ፣ ይቆሽሻል» ብለው ከለከሉኝ። በሁለተኛው ሌሊት ውኃ ልጠጣ ስወርድ ብርድ ልብሳቸውን ተከናንበው ሳሎን ሶፋው ላይ አገኘኋቸው። ታመሙ ብዬ ደነገጥሁ። «አልታመምሁም። ላይ ሆኜ ድምፃችሁ አይሰማኝም፤ ሌሊቱን ሙሉ ሌላ ሰው ቤት ያደርሁ መሰለኝ» አሉኝ። እስኪመለሱ ድረስ ከልጃችን ጋር በታችኛው ክፍል ተኙ፤ ላይ ያለውንም መታጠቢያ ቤት በዚያው ሳምንት ቅዳሜ እኔው አጠጣሁት።

አባቴ በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ የነበረውን ዘመን ያወጋን ነበር፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ፣ መሬቱም ከ500 ካሬ ሜትር ሳይበልጥ። ያ አዋጅ ለብዙ ሰው የመራራ ትዝታ ስለሆነ አላሞግሰውም። ግን ጀሪካኔን ይዤ ደረጃውን ስወጣ «ትርፍ» የሚለው ቃል ከአእምሮዬ አይጠፋም፤ የዚያን ጊዜ ሰው ትርፉ ሌላ ሰፈር ነበር፣ የእኔ ግን ራሴው ጣሪያ ሥር ነው፣ ወራሽም አልመጣለትም።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ቤቱ ጸጥ ያለ ነው፤ የጠዋት ፀሐዩ መልካም ነው፤ ጣሪያው በሁለት ክረምት አንድ ጠብታ አላፈሰሰም። ከዚህ በፊት በኖርንበት ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም የጎረቤት ቴሌቪዥን ይረብሸን ነበር፤ እዚህ አይረብሸንም፣ እንዲያውም እርስ በርሳችን «ምሳ ደርሷል» ለመባባል በስልክ ነው የምንደዋወለው። በዚያ ቤት ግን አንዲት መታጠቢያ ቤት ነበረችን፤ ጠዋት በሯ ላይ ሦስታችንም ተራ እየጠበቅን እንነታረክ ነበር፤ ሲፎኗ ደርቆ የሚያውቅበት ጊዜ አልነበረም።

እንግዲህ ትልቅ ቤት ሊገዛ የሚመጣ ሰው ቢጠይቀኝ ሴራሚኩን ትቶ ጣሪያው ላይ ይውጣ እለዋለሁ፤ ከቆርቆሮው በላይ የወጣ የአየር ማስወጫ ቧንቧ መኖሩን በዓይኑ ይይ። የወለል ማፍሰሻውን ወንፊት አንሥቶ ውስጡን በመብራት ይመልከት። ከዚያ መታጠቢያ ቤቶቹን ይቁጠር፣ የቤተሰቡንም ቁጥር አጠገቡ ይጻፍ። ከቤተሰቡ ቁጥር የሚበልጠው እያንዳንዱ መታጠቢያ ቤት በየሳምንቱ የሚጠብቀው ሥራ ነው፤ ሻጩ ይህንን በሂሳቡ ውስጥ አያስገባውም።

ባለፈው ሳምንት ያው ደላላ ደውሎ ቤቱ ከገዛሁበት ዋጋ በላይ ሊያወጣ እንደሚችል ነገረኝና መሸጥ እንደማስብ ጠየቀኝ። ስንት ቤተሰብ ላለው ሰው እንደሚያሳየው ስጠይቀው፣ ገዥው አዲስ የተጋቡ ጥንዶች መሆናቸውን ነገረኝ። አስብበታለሁ አልሁት። ይህን ስል የቆምሁት ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነበር፤ ልጃችን ጆጉን በሁለት እጇ ይዛ፣ ላስቲኩ ባልተነሣለት መጸዳጃ ላይ ውኃ እያንቆረቆረች፣ «አባዬ፣ ይሄኛው ጠጥቶ ጨርሷል፣ ቀጣዩን ላጠጣው?» ትለኝ ነበር።