ፕላቲነም ወይስ ብረት? በፊውል ሴል ውስጥ ለኦክስጅን የቱ ይሻላል?

ሃይድሮጅንና ኦክስጅንን አዋህዶ ኤሌክትሪክ በሚያመነጨው ፊውል ሴል ውስጥ ሃይድሮጅን ኤሌክትሮኑን በቀላሉ ይሰጣል፤ አስቸጋሪው ኦክስጅን ነው። ሁለቱ አተሞቹ አጥብቀው ስለተያያዙ፣ አንዱን ሞለኪውል ወደ ውሃ ለመለወጥ 4 ኤሌክትሮንና ጎበዝ ካታሊስት (ራሱ ሳያልቅ ለውጡን የሚያፋጥን ነገር) ያስፈልጋል።

የፕላቲነሙ ጉዳይ ብዙ አያከራክርም። ጥቂት ናኖሜትር ስፋት ያላቸው ቅንጣቶች በካርቦን ዱቄት ላይ ይበተናሉ፤ ውስጡ አሲዳማ በሆነ ሴልም በደንብ ይሠራሉ። ማዕድኑ ግን ብርቅና ውድ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ብረቱ ነው። የብረት ጨው፣ ናይትሮጅን ያለበት ውህድና ካርቦን ተቀላቅለው፣ አየር በሌለበት ምድጃ 900 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይጋገራሉ። የሚወጣው ዱቄት ለዓይን ከከሰል ብናኝ አይለይም። በደንብ ከተሠራ ግን ውስጡ የብረት አተሞች እያንዳንዳቸው በ4 ናይትሮጅን ተከበው ለየብቻ ተቀምጠዋል። በናይትሮጅን የተከበበ የብረታብረት አተምን ለኦክስጅን የመጠቀሙ መንገድ የተጀመረው በ1964 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ያኔ የተሞከረው የኮባልት ውህድ ነበር።

ድክመቱ ዕድሜው ነው። የኦክስጅኑ ከፊል ውሃ ሳይሆን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ላይ ይቆማል፤ ይህም አሲድ ውስጥ ከብረት ጋር ሲገናኝ ካርቦኑንና የሴሉን ሁለት ወገኖች የሚለየውን ስስ ሽፋን (ሜምብሬን) የሚበሉ፣ ራዲካል የተባሉ ቁጡ ቅንጣቶችን ይፈጥራል። በዚያ ላይ አቅሙ አነስተኛ ስለሆነ ወፍራም ንጣፍ ይፈልጋል፤ ኦክስጅንም ወደ ውስጥ ለመዝለቅ ይቸገራል።

ስለዚህ ለአሲዳማው ሴል ዛሬም ፕላቲነምን እመርጣለሁ። አልካላይን ሴል (የአሲድ ተቃራኒ የሆነ ፈሳሽ ያለበት) እና ዚንክንና የአየር ኦክስጅንን የሚጠቀም ዚንክ-አየር ባትሪ ላይ ግን ብረቱ ከፕላቲነም ጋር ትከሻ ለትከሻ ስለሚሄድ፣ ለውዱ ማዕድን መክፈል አይታየኝም። ባትሪው መልሶ የሚሞላ ከሆነ ግን ሌላ ፈተና አለ፦ በሚሞላበት ጊዜ ቮልቴጁ ከፍ ስለሚል፣ ፕላቲነሙንም ሆነ ብረቱን የተሸከመው ካርቦን ራሱ ቀስ በቀስ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየተለወጠ ያልቃል።